ጋሼ ወርቁና የአየርላንድ ድንጋይ

ጋሼ ወርቁ ያረፉ ሰሞን ለቅሶው የተቀመጠው በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ነበር። ቤተሰባቸው ከሩቅ አገር እስኪደርስ ወንበር የምናወጣውና የምናስገባው እኛ የሥራ ጓደኞቻቸው ነን። ጠረጴዛው ላይ አንድ ፎቶ ቆሟል። ጋሼ ወርቁ ጣራ በሌለው አሮጌ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ በባዶ እግራቸው፣ ዝናብ እየወረደባቸው ይስቃሉ። ለቀስተኛው ሁሉ መጀመሪያ ነፍስ ይማር ይልና ቀጥሎ ስለ ፎቶው ይከራከራል። አንዱ ጎንደር ነው አለ። ሌላው የለም፣ ላስታ ነው፣ እኔ እዚያ አስተምሬያለሁ አለ። አንዲት እናት ደግሞ ቦታውን ባላውቀውም ዝናቡ የጎጃም ነው ብለው ፈረዱ። ፎቶውን ያነሣሁት እኔ ነኝና "አየርላንድ ነው" ስል ሁሉም ዞረው አዩኝ። ለቅሶ ቤት ቀልድ የጀመርኩ ነበር የመሰላቸው።

ጋሼ ወርቁን ያወቅኋቸው እዚሁ ኮሎምበስ ኤርፖርት ነው። ሁለታችንም ከፓርኪንግ ወደ ተርሚናል ሰው የሚያመላልሰውን ሸትል እንነዳ ነበር። እኔ በዲቪ ከመጣሁ ገና ሦስት ወሬ ነው፤ እሳቸው በሱዳን በኩል ተሰደው መጥተው፣ ጋሃና በምትባለው የከተማው ዳርቻ ቤት ገዝተው፣ የአገሩ ባለቤት ከሆኑ ስንት ዘመናቸው። አገር ቤት ሳሉ ግንበኛ ነበሩ። ግንበኛ ስል ብሎኬት የሚደረድር ማለቴ አይደለም፤ ድንጋይ የሚጠርብ፣ ድንጋይ የሚያናግር ማለቴ ነው። "ድንጋይ ፊት አለው" ይሉኛል። "ፊቱን አይተህ ካላስቀመጥከው ያኮርፍሃል። ያኮረፈ ድንጋይ ደግሞ አንድ ቀን ትቶህ ይወርዳል።" ያን ሁሉ ዓመት ሸትል ሲነዱ ኖረው እንኳ ሥራዎ ምንድን ነው ሲባሉ ግንበኛ ነኝ ነበር የሚሉት።

ግድግዳ ሳያንኳኩ አያልፉም። ባንክ ይሂዱ፣ ሆስፒታል ይሂዱ፣ ሰው ቤት ለምሳ ይጠሩ፣ መጀመሪያ ግድግዳውን በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ ያደርጋሉ፤ ሰላምታ ከዚያ በኋላ ነው። ባለቤቴ ሮማን ሾርት ኖርዝ በሚባለው ሰፈር አንድ ሬስቶራንት ትሠራለች። አብራት የምትሠራ ልጅ ሥዕሎቿን ታሳያለች ተብለን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ጋለሪ ይዘናቸው ሄድን። ሰው ሁሉ ብርጭቆውን ይዞ ሥዕል ያያል፤ ጋሼ ወርቁ በሁለት ሥዕሎች መካከል ያለውን የጡብ ግድግዳ ይዳብሳሉ። ሠዓሊዋ ደስ ብሏት መጣችና የትኛውን እንደወደዱ ጠየቀቻቸው። "ይቺን" አሉ ጡቡን እያሳዩ፤ "ማን ነው የሠራት?" ልጅቷስ ሳቀች፤ እኔ ግን አፍሬ መኪና ውስጥ ገብቼ ጠበቅኋቸው።

ባሾፍባቸውም ባለውለታዬ ናቸው። ቤት ልንገዛ ክሎዚንጉ፣ የመጨረሻው ፊርማ፣ ሳምንት ሲቀረው "እስቲ ልየው" አሉ። ኢንስፔክሽኑ አልፏል፣ ሮማን መጋረጃ መርጣለች። ጋሼ ወርቁ ቤዝመንት ወርደው አዲስ ነጭ ቀለም የተቀባ አንድ ግድግዳ አንኳኩ፣ ጆሯቸውን አስጠጉ፣ ደግመው አንኳኩ።

"ይሄን ቤት ተወው" አሉኝ።

"ምነው ጋሼ? ኢንስፔክተሩ እኮ ኦኬ ብሎታል።"

"ከአራት ግድግዳ አንዱን ነጥሎ የሚቀባ ሰው የሚደብቀው አለው።"

ሮማን ሁለታችንንም ለሁለት ቀን አኮረፈችን። በሦስተኛው ቀን ሌላ ባለሙያ ብናመጣ ግድግዳው ወደ ውስጥ እያበጠ ነው ብሎን አረፈው። ከዚያ ወዲህ ሮማን በጋሼ ወርቁ ነው የምትምለው።

ስለ ራሳቸው ግን ትንፍሽ አይሉም። ልጃቸው ትንሽ ሳለች ሚስታቸው እንደሞተችባቸው፣ ልጅቷን ሂሩትን እዚሁ ኮሎምበስ ለብቻቸው እንዳሳደጓት፣ ዩኒቨርሲቲ ዲስትሪክት የሚባለው ሰፈር ተከራይታ ተምራ ከተመረቀች በኋላ ወደ አውሮፓ እንደሄደች ከሰው ሰምተናል። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚያውቅ የለም። ስሟ ሲነሣ ጋሼ ወርቁ ስለ በረዶ ማውራት ይጀምራሉ፤ በሐምሌም ቢሆን። እኛም ነገር እንዳለ ገብቶን ስለ በረዶ አብረን እናወራለን።

ከሁለት ዓመት በፊት ትምህርት ሊዘጋ ሲል ኮል አደረጉኝ።

"ለቬኬሽን የት ናችሁ?"

"ሮማን ፍሎሪዳ እያለች ነው።"

"አሸዋ ምን ያደርግላችኋል? ቆዩኝ፣ መጣሁ።"

ላይብረሪ ያተሟቸውን ወረቀቶች ይዘው መጡና ምግብ ጠረጴዛችን ላይ ዘረጓቸው። ሣር የለበሰ ጉብታ፣ ረጅም ክብ ግንብ፣ በቅርጽ ያጌጠ የድንጋይ መስቀል። "ይሄ መቃብር ነው፣ ከፒራሚድ ይቀድማል። ይሄ የመነኮሳት ነው። አየርላንድ ነው ሁሉም። ይሄኛው ደግሞ" አሉ የመጨረሻውን ወረቀት ወደ ልጃችን እየገፉ፣ "የኖላ ነው።" ኖላ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ወረቀቱ ላይ ልጆች ለፍየል ግልገሎች ጡጦ ይሰጣሉ፤ ቤተሰብ እየከፈለ የሚገባበት የገጠር እርሻ ነው። "ካን አይ ሆልድ ዘ ቤቢስ?" አለች ኖላ፣ ግልገሎቹን ማቀፍ ፈልጋ። "ትችያለሽ" አሉ ጋሼ ወርቁ። እሷ በእንግሊዝኛ፣ እሳቸው በአማርኛ፣ እንዲሁ ነው የሚግባቡት። ፍሎሪዳ በዚያው ቀረች።

አየርላንድ መኪና በግራ ነው የሚነዳው። እኔ ነጂ፣ ጋሼ ወርቁ ከአጠገቤ አዛዥ፣ ሮማን ከኋላ ጸሎተኛ ሆነን ወጣን። መንገዱ ከመጥበቡ የተነሣ በጉ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ መስታወታችንን ሊልስ ምንም አልቀረው። ወቅቱ የሐዋርያት ጾም ነበርና ያደርንበት ቤት ባለቤት የሆኑት ሴትዮ በየማለዳው ይቸገሩብን ነበር። እንቁላል? አይ። ቅቤ? አይ። ወተት ለሻዩ? አይ። በሦስተኛው ቀን ሴትዮዋ እጅ ሰጡና አንድ ትልቅ ሳህን ባቄላ፣ እንጉዳይና ድንች ከፊታችን አስቀምጠው ይህንንም እምቢ ካላችሁ ቄስ ነው የማስጠራው አሉን። ጋሼ ወርቁ ሳህኑን ጠርገው በሉና ግድግዳቸውን አንኳኩላቸው፤ ጥሩ ነው አሏቸው።

ጥንታዊው መቃብር ከውጭ ሲያዩት ኮረብታ ነው። በአንድ ጠባብ መግቢያ ጎንበስ ብለን ገባን። አስጎብኚዋ ገና ከመግቢያው ምንም ነገር አይነካም ስላለች ጋሼ ወርቁ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። መሐል ላይ ስንደርስ ቀና ብለው ጣራውን አዩ። ድንጋይ በድንጋይ ላይ፣ እያንዳንዱ ከታቹ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ እየጠበበ ሄዶ አናቱ ላይ ገጥሟል። "ጭቃ የለውም" አሉ በሹክሹክታ። "ጠጋ ብለህ እይ፤ ውሃው ወደ ውጭ እንዲወርድ ዘንበል አድርጎ ነው ያስቀመጠው። ይሄ ሰውዬ ሥራ ያውቃል።" ሞቶ ስንት ሺህ ዓመት ያለፈውን ሰው ትናንት አብረውት እንደዋሉ ነው ያወሩት። ስንወጣ ዓይናቸው ረጥቦ ነበር። እኔም ለድንጋይ የሚያለቅስ ሰው ይዤ መጣሁ ብዬ በሆዴ ተገረምኩ።

ኖላ በየማለዳው "ጎትስ ቱደይ?" ትላለች። ጋሼ ወርቁም "ፍየል የት ትሄዳለች? ነገ" ይላሉ። ነገ ሲመጣ ግንብ እናያለን። ከነገ ወዲያ መስቀል እናያለን። አንድ ቀን ሜዳ ላይ ሦስት ድንጋይ ቆሞ አንድ ድንጋይ የተጋደመበትን ለማየት አንድ ሰዓት በጭቃ ሄድን። "ኢትስ ኦል ሮክስ፣ ዳድ" አለችኝ ኖላ፤ እውነቷን ነው፣ ሁሉም ድንጋይ ነው። በአራተኛው ቀን ስልኬ ላይ ካርታውን ስመለከት አንድ ነገር አየሁ። ያየናቸው ቦታዎች ሁሉ ያንን የፍየል እርሻ ከብበውታል። አራት ቀን ሙሉ ዙሪያውን ነው የዞርነው፤ አንዴም አልገባንም።

በአምስተኛው ቀን ፈራርሶ የቀረ ገዳም ደረስን። ጣራ የለውም፣ ወለሉ ሣር ነው፣ ዝናብ ይወርዳል። ሌላው ጎብኚ ጃንጥላውን ይዞ ዝም ብሎ ይገባል። ጋሼ ወርቁ በሩ ጋ ሲደርሱ ጫማቸውን አወለቁ፣ ካልሲያቸውን ጫማው ውስጥ ከተቱ፣ መቃኑን ተሳለሙ።

"ጋሼ፣ ጣራ እንኳ የለውም እኮ።"

"ጣራው ወደቀ እንጂ የተቀደሰው መሬት የት ሄደ?"

ሮማንም አወለቀች። ሮማን ካወለቀች እኔ ምን ምርጫ አለኝ። ከኋላችን የነበሩ አንድ የአገሩ ሽማግሌ አዩን፣ ትንሽ አሰቡና ኮፍያቸውን አወለቁ። ጋሼ ወርቁ ይህን ሲያዩ ሳቁ፤ ያን ፎቶ ያነሣሁት ያኔ ነው።

ልንወጣ ስንል ጠፉብን። ዞር ብዬ ብፈልግ በባዶ እግራቸው ወደ መኪናው እየገሰገሱ ነው፤ ብብታቸው ሥር በጃኬት የተጠቀለለ፣ ድፎ ዳቦ የሚያህል ነገር አለ። የቦታው ጠባቂ ከእኔ ቀድማ ደረሰችባቸው። ቢጫ የዝናብ ልብስ የለበሰች ጎልማሳ ሴት ናት። ጃኬቱን ገለጥ አደረገችና በትሕትና "ይቅርታ ጌታዬ፣ ከዚህ ቦታ ድንጋይ አይወጣም" አለቻቸው። የእንግሊዝኛቸው ነገር በዚያች ቅጽበት አለቀና ወደ እኔ ዞሩ።

"ንገራት። ልሰርቅ አይደለም። አንገቴ ላይ የማደርገው ነው በላት።"

እስቲ ይህን ተርጉሙ። በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ የበደለው ሰው ፊት ይጎነበሳል፤ የተበደለው ይቅር ካለ ድንጋዩን ያነሣለታል አልኳት። ሴትዮዋ ዝናቡ እየወረደባት አዳመጠችኝና ጋሼ ወርቁን አየቻቸው። "ማንን ነው የበደሉት?" ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋን ለጋሼ ወርቁ ተረጎምኩላቸው።

"ልጄን" አሉ ጋሼ ወርቁ።

ድንጋዩን ልትሰጣቸው እንደማትችል፣ ግን እንዲቀናቸው እንደምትመኝ ነግራ፣ ወደነበረበት እንዲመልሱት ለመነቻቸው። መለሱት። መመለስ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ እጃቸው አላስችል ብሏቸው ከፈረሰው ግድግዳ ላይ አስተካክለው ሊገጥሙት ሲሉ ሴትዮዋ ደንግጣ ሮጠች። "ጋሼ፣ ፍርስራሽ ነው፣ እንደፈረሰ ነው የሚጠበቀው" ብዬ እጃቸውን ይዤ ወሰድኳቸው። "እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም" አሉ እያጉረመረሙ።

መኪናው ውስጥ ገብተን ሞተር ሳላስነሣ ቁጭ አልን። ጋሼ ወርቁ እግራቸውን በካልሲያቸው እየጠረጉ ተናገሩ።

"ሂሩት እዚሁ ናት። ፍየሎቹ ጋ።"

ሮማን ከኋላ ወንበር ወደ ፊት ጠጋ አለች።

"እርሻው የባሏ ነው። ላገባው ነው ብላ ስትደውልልኝ፣ ይሄን ሁሉ በረሃ አሻግሬ ያመጣሁሽ የሰው ፍየል እንድትጠብቂ ነው ወይ አልኳት። ለሠርጓ ትኬት ላከችልኝ፤ መለስኩት። እናት የላት፣ ወንድም የላት። የእኔን ወንበር ከፊት ባዶውን አስቀምጣ ነው የተዳረችው። ከዚያም ስትደውል አላነሣሁም። ሰባት ዓመት አላነሣሁም።" ካልሲያቸውን በእጃቸው ጠቀለሉና "አሁን ብሄድ ብታባርረኝስ?" አሉ። "ካባረረችኝ ወዴት ነው የምመለሰው?"

ያን ሁሉ ጊዜ ያስቀኝ የነበረ ሰው አጠገቤ እንደ ሕፃን ፈርቶ ሳይ አዘንኩ፤ ደግሞም ተናደድኩባቸው። ሮማን ከኋላ ሆና ትከሻቸውን ያዘች። "እንሂድ፤ ዛሬ" አለች።

"እንዲሁ አይኬድም" አሉ ጋሼ ወርቁ። "ሽማግሌ ይቀድማል። አንተ ሽማግሌ ሁነኝ።"

"ሠላሳ ስምንት ዓመቴ እኮ ነው ጋሼ።"

"ጠጉርህ ሳስቷል፣ ይበቃል።"

"ሽማግሌ ደግሞ ሦስት ነው።"

"ሮማን አለች። ኖላ አለች። ኖላ እንግሊዝኛውን ታግዛችኋለች።"

እንዲህ ሆነን ደረስን። ጋሼ ወርቁን ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናው ላይ ትተን፣ ሦስት ሽማግሌዎች ጋሪ ከሚገፉ ወላጆች ጋር ትኬት ለመቁረጥ ተሰለፍን። መስኮቱ ውስጥ ጠጉሯን ሹሩባ የተሠራች፣ ረጅም የጎማ ቦት ያጠለቀች ሴት ናት። በአማርኛ ስናወራ ስትሰማ ፊቷ በራ።

"ሐበሾች ናችሁ? እዚህ ድረስ? ከየት ናችሁ?"

"ከኮሎምበስ።"

ሳቋ ቀረ። እኔ ደግሞ የሽማግሌ ንግግር ተለማምጄ የመጣሁት ሁሉ ጠፋብኝና "ለሽምግልና ነው የመጣነው" አልኳት እንደ ትኬት ዓይነት። ከኋላዬ መንታ ልጆች የያዘ ሰውዬ መሰላቸት ጀምሯል።

"የት ነው ያለው?" አለች።

"መኪና ውስጥ።"

ወደ ፓርኪንጉ አላየችም። ሁለት የአዋቂና አንድ የልጅ ትኬት ቆርጣ ሰጠችኝ። "ሥራ ላይ ነኝ። ግቡ። ሰው ቀለል ሲል እናወራለን" አለች። ይግባም አላለች፣ አይግባም አላለች። ገብተን ኖላ ግልገል እቅፏ ላይ አድርጋ ጡጦ ስትሰጥ እኔና ሮማን አጥር ተደግፈን ተከራከርን። "ነገሩ አልተበላሸም" አልኩ። "አልተሳካምም" አለች ሮማን።

ጋሼ ወርቁ ግን መኪና ውስጥ የሚቀመጡ ሰው አይደሉም። በበሩ በኩል ሲመጡ መጀመሪያ ያየሁት ጀርባቸውን ነው፤ ታጥፏል። ከፓርኪንጉ ዳር ከተናደ የድንጋይ አጥር አንዱን አንሥተው ማጅራታቸው ላይ አድርገው፣ በሁለት እጃቸው ደግፈው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ይራመዳሉ። ልጆች መንገድ ለቀቁላቸው። ሂሩት ከትኬት ቤቱ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

እሷ ጋ ሳይደርሱ አንድ ረጅም፣ ፊቱ ፀሐይ የመታው ሰው ከፍየሎቹ በረት እየሮጠ መጣ። ሽማግሌ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ሲንገዳገድ አይቶ ነው። "ይስጡኝ፣ ይሄ ለእርስዎ ይከብዳል" አለ በእንግሊዝኛ፤ ድንጋዩን ከማጅራታቸው ላይ አነሣና ወስዶ አጥሩ ላይ አስቀመጠው። የወደቀ ድንጋይ ሊመልሱለት የመጡ መስሎታል። ተመልሶ መጥቶ አመሰገናቸው፣ እጃቸውንም ጨበጠ።

ጋሼ ወርቁ እንደተጎነበሱ ቀሩ።

"አባዬ" አለች ሂሩት። "ብራየን ምን እንዳደረገ አያውቅም።"

"ባልሽ ነው?"

"ባሌ ነው።"

ቀስ ብለው ቀና አሉና ሰውዬውን ከላይ እስከ ታች አዩት። "እሱ ባያውቅ እኔ አውቃለሁ" አሉ። "ሳላየው የጠላሁት እሱን ነበር። እሱ አነሣልኝ።"

"እኔስ?" አለች ሂሩት።

ጋሼ ወርቁ ወደ አጥሩ ተመልሰው ያንኑ ድንጋይ አወረዱ፣ ማጅራታቸው ላይ አደረጉ፣ መጥተው ፊቷ ተጎነበሱ። ብራየን ግራ ገብቶት ሊረዳቸው ሲል ሂሩት ክንዱን ያዘችው። ቆመች፤ እሳቸውም ቆሙ። ድንጋዩ ወደ አንድ ጎን ሲንሸራተት በእጃቸው መለሱት። ኖላ ጡጦውን እንደያዘች አጠገቤ መጥታ "ኋይ ኢዝንት ሺ ሄልፒንግ ሂም?" ብላ፣ ለምን እንደማታግዛቸው ጠየቀችኝ። ሄጄ ላነሣላቸው ፈለግሁ፤ ግን ድንጋዩን ማንሣት የሽማግሌ ሥራ አይደለም።

"ወንበርህን" አለች ሂሩት፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ፣ "ሠርጉ ሲያልቅ ማንም እንዳይነካው ብዬ እኔው ነኝ ያነሣሁት። በቬሎዬ። በጣም ነበር የከበደኝ አባዬ።"

"አውቃለሁ ልጄ" አሉ ከሥር።

"አታውቅም" አለች።

ከዚያ ሁለት እጇን ከድንጋዩ ሥር አስገብታ አነሣችላቸው። ጋሼ ወርቁ ግን ቀና ማለት አቃታቸው፤ ፊታቸውን ወደ መሬት እንዳቀረቀሩ ቀሩ። ሂሩት ድንጋዩን ሣሩ ላይ ጣለችው፣ ጭቃው ላይ ተንበረከከችና ከሥራቸው ሆና ቀና ብላ አየቻቸው።